ኩንመናራ የምትባል እንግዳ

ሴልዊን እንደሚመጣ የሰማሁት አንሶላ ስናጥፍ ነው።

አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። አንዷ ወዲያ፣ አንዷ ወዲህ ጫፍ ጫፉን ይዘው፣ ወጥረው ያራግፉታል። ከዚያ አንድ እጥፍ፣ ሁለት እጥፍ እያሉ ይቀራረባሉ፤ መጨረሻው ላይ ጣት ከጣት ይገናኛል። እኔና የልጅ ልጄ ሮዛሊ በላ ሮሽ ግንብ የልብስ ክፍል ውስጥ ይህን ስንሠራ ስድስት ዓመታችን ነበር። የልጅቷን ሆድ ከአፏ ሰምቼ አላውቅም፤ በአንሶላው ነው የማውቀው። ደስ ሲላት ጨርቁ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። ያን ቀን ግን ጫፉ ከእጇ ሁለቴ አመለጠ።

«ሐሙስ ይመጣል አሉ» አለችኝ።

ማን ብዬ አልጠየቅኩም። ያረጀው ጉልበቴ ነው እንጂ ጭንቅላቴ አይደለም።

«መጥቶስ?»

«መጥቶ የአያቱን ፎቶ ጉዳይ ይጨርስና ይሄዳል። እኔም ቅዳሜ ወደ ሊዮን እሄዳለሁ፤ እዚያ ሆቴል ሥራ አግኝቻለሁ። ለማዳም ነግሬያታለሁ።»

ጣታችን ሲገናኝ ጣቷ በረዶ ነበር። አንሶላውን ተቀበልኳትና ደረደርኩት። ምን ልበላት? ሰው ሲደክመው ምክርም ይከብደዋል።

ይህን ግንብ ከማንም በፊት አውቀዋለሁ። በአሥራ አራት ዓመቴ የጌታውን ወለል በጉልበቴ ተንበርክኬ ያጠብኩ ነኝ። ጌታው ሞተ፣ ጣሪያው ወደቀ፣ ቁራ ነገሠበት። ከዚያ ማዳም ኦዲል ከባሏ ጋር መጣች፤ ሀያ ዓመት ሙሉ ድንጋይ በድንጋይ አስጠገነችው። ባልየው የመጨረሻው መስኮት ሳይገጠም ሞተ። ስታበቃ የምድር ቤቱን አዳራሾች የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ሥዕል አለበሰቻቸው፤ ከላይ ያሉትን አሥራ አንድ ክፍሎች ሆቴል አደረገቻቸው። ሥዕሎቹን መጀመሪያ ሳይ ግድግዳው ኩፍኝ ወጣበት ወይ ብዬ ነበር፤ ነጠብጣብ በነጠብጣብ። ማዳም ሳቀች እንጂ አልተቆጣችም። ኋላ ግን ማታ ማታ መብራት ላጠፋ ስገባ ከአንዱ ሥዕል ፊት ቆሜ መሄድ ሲያቅተኝ ራሴን አገኘሁት። ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ በፊት በነበረው በጋ፣ ከሠዓሊዎቹ አንዷ፣ ከቀዩ በረሃ የመጡ አሮጊት፣ እዚሁ ተቀምጠው እንዲሥሉ ተጋበዙ። ሦስት ወር ከረሙ። የልጅ ልጃቸው ሴልዊን አብሯቸው መጣ፤ ሸራ የሚወጥረው፣ ሥዕል የሚሰቅለው፣ ሻይ የሚያፈላላቸው እሱ ነው። አሮጊቷ ወንበር አልፈለጉም። ሸራውን ወለሉ ላይ ዘርግተው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ዙሪያውን እየዞሩ ነው የሚሥሉት። የእኔን ልጅ ስሟን ሲጠይቋትና «ሮዛሊ» ስትላቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። የእሳቸውም ስም ሮዛሊ ነበር፤ ሚስዮኖች በልጅነታቸው ያወጡላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ሞክሼዬ» እንጂ ሌላ አላሏትም። ቀለም የነካ እጃቸውን ጉንጯ ላይ ያደርጋሉ፤ እሷም ሳትታጠብ ትውላለች። በነገራችን ላይ ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ የእናቴ ስም ነው።

ሴልዊን ደግሞ መቀለጃ አገኘ። «አያቴ ሆይ፣ መዶሻውን አቀብይኝ» ይላታል፤ እሷ ትስቃለች። ቀልድ የት እንደሚያደርስ ዓይቻለሁ። ነሐሴ ሲያልቅ ለሁለት አንሶላ ሲያጥፉ አገኘኋቸው፤ ጣታቸው ተገናኝቶ አልለቅ ብሎ ነበር። እኔን ሲያይ አልደነገጠም። «እማማ ሌኦንቲን፣ ጥሩ አጥፌያለሁ?» አለኝ። የኛን ቋንቋ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ አብዛኛው ስድብ ነው። እወደው ነበር፤ ልዋሽ አልችልም። ግን አገሩ ከዓለም ማዶ ነው፤ እኔ ደግሞ ከሮዛሊ በቀር ማንም የለኝም።

በመስከረም ሄዱ። እስከ ገና ደብዳቤው በየሳምንቱ ይመጣ ነበር፤ ከዚያ ቀጥ አለ። ሮዛሊ በየማለዳው፣ ፖስታው ተለይቶ ሲያበቃ፣ የሠራተኞቹን ሳጥን ስትከፍት፣ ስትዘጋ፣ ጥርስ እንደሌለው አፍ ባዶውን ስታየው አየሁ። በብርዱ መሐል ደወለች። እነሱ መንደር ያለው ስልክ የሥዕል ቤቱ ብቻ ነው። አንዲት ሴት አነሳች። «ሮዛሊ ነኝ፣ ሮዛሊ ደውላለች በሉልኝ» ስትል የሴትዮዋ ትንፋሽ ተቋረጠ። ከዚያ «ያን ስም እዚህ አትጥሪ» ብላ ዘጋችባት።

«ያን ስም እዚህ አትጥሪ አለችኝ፣ እምዬ» ብላ ነገረችኝ። «እንዲህ ብሎ አስጠንቅቋቸው ነው ማለት ነው።»

«ነግሬሽ ነበር» አልኳት። ይህን የምትል አሮጊት ምላሷ ይሰብሰብ። እኔ ግን አልኩት።

ማዳም በብርዱ ወራት ፓሪስ ነው የምትቀመጠው፤ በሚያዝያ ስትመለስ ሠዓሊዋ አሮጊት በጥር እንደሞቱ ነገረችን። ሮዛሊ ሁለት ቀን አለቀሰች። ግን «እሱስ ቢሆን በሞት ጊዜ እንኳ አልጻፈልኝም» ብላ ሐዘኗን በቂም ጠቀለለችው።

*

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ታክሲው ግቢ ገባ። ሴልዊን ከሳ፤ ፀጉሩን ተላጭቷል። ሮዛሊ የእንግዳ ሻንጣ ልታወጣ ደረጃው ላይ ነበረች። ሆን ብላ እንዳልሆነ ትምላለች፤ እኔ ግን ከጠዋት ጀምሮ ያንን ደረጃ አራቴ ስትወጣና ስትወርድ አይቻታለሁ።

ቀና ሲል እሷን አየ። ፊቱ በራ፤ በዓይኔ ነው ያየሁት፤ መስኮት እንደተከፈተለት ቤት በራ። አፉን ከፈተ። ከዚያ ዓይኑ ደረቷ ላይ ወረደ። ሠራተኛ ሁሉ ደረቱ ላይ ስሙ የተጻፈበት የናስ ሰሌዳ ይሰካል፤ የእሷም በጥቁር ፊደል «ሮዛሊ» ይላል። ያንን ሲያይ የተከፈተው አፉ ተዘጋ። ማየት የማይገባውን እንዳየ ሰው ፊቱን መለሰ። «ደህና ነሽ» አለ፤ አለፈ።

ሻንጣውን ይዛ እዚያው ቀረች። እንግዳዋ ሴትዮ «ክፍሌ የትኛው ነው?» እያሉ ሦስቴ ጠየቋት።

ማታ የባሮ ሽንኩርት ሾርባዋን አልቀመሰችም። በማንኪያ ስታማስለው ቆየችና ራሷን የምታናግር ያህል ቀስ ብላ፣ «ስሜን እንኳ ተጠየፈ» አለች። ለእናቴ ስም ነው የተቆጣሁት መሰለኝ በዚያች ሰዓት። ምላሴን ስዬ አደርኩ፤ ነገ ልሰድበው።

*

ዓርብ ጠዋት በትልቁ አዳራሽ ሦስት ሆነን ቆምን፤ ማዳም ኦዲል፣ ሴልዊንና እኔ። ሮዛሊ አልመጣም አለች። በመግቢያው ግድግዳ ላይ የአሮጊቷ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል፤ እግራቸውን ዘርግተው፣ ብሩሻቸውን ይዘው፣ ሊቀልዱ ሲሉ። እኔ ከሳጥኔ ሥር የድሮውን ጌታ ዘመን የተልባ እግር አንሶላ አውጥቼ አመጣሁ። ከዚያ የተሻለ ጨርቅ በቤቱ የለም።

አንዱን ጫፍ እሱ፣ አንዱን እኔ ይዘን ፎቶውን ሸፈንነው። ጫፉን ሁለቴ አስተካከለው። ልሰድበው ያዘጋጀሁትን ሁሉ ተውኩት። ሐዘን ላይ ያለን ሰው አይሰድቡም።

ከዚያ በእንግሊዝኛ ተናገረ፤ ማዳም አስተረጎመችልኝ። ፎቶዋ እንዳይታይ። በየሥዕሉ ሥር ያለው ስሟም ይሸፈን። ጮክ ተብሎ አይጠራ፣ በቀልድም አይጠራ፤ ቤተሰቡ በቃ እስኪል ድረስ፣ አንድ ዓመትም ይሁን ሁለት። ሲጠራ መንገድ ላይ ያለች ነፍሷ ዞር ትላለች፤ የቀሩትም እንደ አዲስ ያዝናሉ።

እኔ ነገር መዋጥ አልለመድኩም። «ለሟቿስ ይሁን» አልኩ፤ «በሕይወት ያለች ሞክሼስ? የኔ ልጅ ሁለት ዓመት ስም አልባ ትቀመጥ ነው የምትሉኝ?»

ማዳም እስክታስተረጉም አልጠበቀም። ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ፤ በኛ ቋንቋ፣ እኔ ባስተማርኩት ስብርባሪ፣ እንዲህ አለኝ፤

«ስም አላት፣ እማማ። ሞክሼ የሆነ ሁሉ እስከዚያ ድረስ ኩንመናራ ነው የሚባለው። በዚህ ስም አምስት ጊዜ ጻፍኩላት። አልመለሰችልኝም። አልፈለገችኝም ብዬ ነው ትናንት ዝም ያልኩት።»

ግድግዳውን ያዝኩ። ማዳም ወንበር አቀረበችልኝ፤ እርጅና መስሏት። እርጅና አልነበረም።

*

የእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ሦስተኛ መሳቢያ «የሚመጡ እንግዶች» ይባላል። በብርዱ ወራት ሆቴሉ ዝግ ነው፤ ቁልፉን የምይዘው፣ ፖስታውን የምለየው እኔ ነኝ። ለጸደይ ክፍል የያዙ ሰዎች ከመምጣታቸው በፊት ደብዳቤና ጥቅል ይደርሳቸዋል፤ ያንን እዚያ አኖራለሁ። ከአውስትራሊያ የሚመጣ ፖስታ ደግሞ ለዚህ ቤት ብርቅ አይደለም፤ የሥዕል ነጋዴው ሁሉ ይጽፋል። እናም በጥር ወር «ኩንመናራ፣ ላ ሮሽ ግንብ» የሚል ፖስታ ሲመጣ፣ ስሟ የከበደ አንዲት እንግዳ ልትመጣ ነው ብዬ መሳቢያ ውስጥ አኖርኩት። ሁለተኛውንም። ሦስተኛውንም።

አንድ ጥያቄ ይበቃ ነበር። ስልክ አንስቼ «ማዳም፣ ኩንመናራ የምትባል እንግዳ አለች ወይ?» ብል ይበቃ ነበር። እኔ ግን አላውቅም ማለት አይሆንልኝም። ሦስት ዓመት ብቻ የተማረ ሰው አንድ ነገር በጠየቀ ቁጥር ሌላው ሰው ከንፈሩን እንዴት እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ስድሳ ዓመት ሙሉ ሳልጠይቅ ኖርኩ።

ይህም ሁሉ እውነት አይደለም፤ ማለቴ፣ እውነቱ ይህ ብቻ አይደለም። አምስተኛው ፖስታ ጀርባው ላይ በቀለም የተሣለ ነገር ነበረበት፤ ክብ በክብ ውስጥ፣ ዙሪያው ነጠብጣብ፣ አሮጊቷ ወለል ላይ ይሥሉት የነበረው ዓይነት። በእጄ ይዤው ቆምኩ። ልቤ የሴልዊን እጅ እንደሆነ ነገረኝ። መሳቢያውን ዘጋሁት።

አሁን ደግሞ አምስቱን አውጥቼ ይዤ ወደ ልብስ ክፍሉ ወረድኩ። የካውያው ምድጃ ይነድ ነበር። እሱ ነገ ይሄዳል፤ እሷም ነገ ትሄዳለች፤ ሊዮን ደግሞ በባቡር ሁለት ሰዓት ነው፤ በየእሑዱ ትመጣልኝ ነበር። ምድጃው ከእኔ አራት እርምጃ ነው። ማንም አያውቅም። ፖስታው በላብ እጄ ላይ እስኪጣበቅ ቆምኩ። እንደዚያች ደቂቃ በዕድሜዬ ደክሞኝ አያውቅም።

ሮዛሊ ወዲያ ጥግ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ አንዱን ጫፍ በአገጯ ይዛ ለብቻዋ አንሶላ ልታጥፍ ትታገላለች። ይወርድባታል፤ ታነሳዋለች፤ ይወርድባታል።

ሄጄ ሰጠኋት።

«ምንድን ነው?»

«ያንቺ ነው።»

አነበበችው። «ኩንመናራ ማናት?»

«አንቺ ነሽ» አልኳት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ስሙ፣ ስለ ለቅሶው፣ ስልኳን ስለዘጋችባት ሴትዮ፣ ደረቷ ላይ ስላለው ሰሌዳ፣ ስለ መሳቢያው። ስናገር ፊቷን አላየሁም፤ ምድጃውን ነው ያየሁት።

አንሶላው ክምር ላይ ቁጭ አለችና በተራ ከፈተቻቸው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ድምፅዋን አውጥታ፣ ለእኔ ወደኛ ቋንቋ እየመለሰች አነበበችልኝ። ለምን ለእኔ ማንበብ እንዳስፈለጋት አላውቅም፤ ምናልባት ቅጣቴ ነበር።

«ኩንመናራ፣ የስምሽ ባለቤት ከእኛ ጋር የለችም። ቤታችንን ዘግተን ወጥተናል፤ ለቅሶው እስኪያልቅ ሜዳ ላይ ነው የምንተኛው፤ ስልክ የለም። የድሮ ስምሽን በልቤም አልጠራውም። በልቤ ስጠራው ሁለታችሁም ትመጣላችሁ፤ አንዷን ደግሞ ልሸኛት ይገባኛል።»

የመጨረሻውን ስታነብ ድምፅዋ ተሰበረ፤

«መልስ አልላክሽም። ምናልባት በዚህ ስም መጠራት ከብዶሽ ይሆናል፤ አልፈርድብሽም። አንድ ነገር ብቻ ተመኝቼ ነበር። ስሙ የተፈታ ቀን ጮክ ብሎ የሚጠራሽ የመጀመሪያው ሰው እኔ ልሁን ብዬ ነበር።»

ፖስታውን ገልብጣ ክቦቹን በጣቷ ዳሰሰች። 

«እምዬ፣ ታውቂ ነበር?»

«አራቱን አላወቅኩም።»

«አምስተኛውንስ?»

መዋሸት እችል ነበር። አፌ ግን ስድሳ ዓመት የለመደውን አደረገ፤ እንዳለ ተናገረ።

«ጠረጠርኩ» አልኩ። «ለብቻዬ አንሶላ ማጠፍ ፈራሁ።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይቀለኝ ነበር። እናቷ ትታት የሄደች ቀን በአራት ዓመቷ እንዳየችኝ ነው ያየችኝ። ከዚያ እጇን ወደ ደረቷ አነሳች፤ ሰሌዳውን ነቀለች፤ መዳፌ ላይ አስቀምጣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው። ናሱ ከገላዋ ሙቀት ይዞ ነበር።

ሴልዊን በሩ ላይ ነበር። ማዳም ልካው ይሁን እግሩ አምጥቶት አላወቅኩም። ደብዳቤዎቹን ተከፍተው አየ፤ እሷን አየ፤ ባዶውን ደረቷን አየ። አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም። ወጣት እንዲህ ሲቆም አሮጊት ካልገፋችው እስከ ማታ ይቆማል።

«ምን ተገትረሃል?» አልኩት። «ና፣ ጫፉን ያዝ። ይህ አንሶላ ከጠዋት ጀምሮ አልታጠፈም።»

መጣ። ያዘ። እሷም ተነስታ ወዲያኛውን ያዘች። ወጠሩት፤ ጨርቁ ጧ አለ። በመካከላቸው ነጭ ሆኖ ተዘረጋ፤ ከላዩ ዓይናቸው ብቻ ይታያል።

«በምን ልትጠራኝ ነው?» አለችው።

«ኩንመናራ።»

«ድገመው።»

ደገመው። በዚህ ግንብ ሰው ሰውን በስም ሲጠራ ዕድሜዬን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ ጌታ ሎሌን፣ እናት ልጅን፣ ዘበኛ ውሻን። እንደዚያ ሲጠራ ግን አልሰማሁም።

አንድ እጥፍ። ቀረብ አሉ።

«እስከ መቼ?»

«አንድ ዓመት። ሁለትም ይሆናል።»

ሁለት እጥፍ።

«ሜዳ ላይ መተኛት ይበርዳል?»

«ወደ ንጋት ላይ ይበርዳል።»

«ብርድ ልብስ አላጣም» አለች። «የልብስ ክፍል ሠራተኛ ነኝ።»

ጣታቸው ሲገናኝ ፊቴን ወደ ካውያው አዞርኩ። እሱ ነው ያለቀሰው፤ እሷ አይደለችም። ያለ ድምፅ፣ ግንባሩን ግንባሯ ላይ አድርጎ፣ አንሶላው በሁለቱ ደረት መካከል ተጨማዶ። አዲስ የተተኮሰ አንሶላ ነበር። አልተናገርኩም።

ቀትር ላይ ሾርባ አቀረብኩና እንደ ልማዴ ደረጃው ሥር ቆሜ ልጣራ አፌን ከፈትኩ። ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ሃያ አምስት ዓመት በየቀኑ የጠራሁት፣ ከዚያ በፊትም እናቴ የተጠራችበት። የሸፈንኩትን ፎቶ አሰብኩ፤ መንገድ ላይ ያሉትን አሮጊት አሰብኩ፤ ዞር እንዳይሉ። በሕይወቴ አንድም ቃል ውጬ የማላውቅ ሴት ያን ስም ዋጥኩት። ጉሮሮዬን ቧጥጦ ወረደ።

«ልጄ» አልኩ። «ሾርባው ቀዘቀዘ።»

*

ወደ ሊዮን አልሄደችም። ሳምንት ቆይታ፣ አራት ብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ከእሱ ጋር ሄደች። በር ላይ አቀፈችኝ፤ ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በዓመቱ ገደማ ፎቶ ላከች፤ ቀይ አፈር ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ጉንጯ ላይ ቀለም አለ።

ሁለተኛው ዓመት አልፎ በዚህ ጸደይ በእኔ ስም ደብዳቤ መጣ፤ በራሴ ስም፣ በትልልቅ ፊደል፣ እንዳልቸገር። ሁለት መስመር ብቻ ነው። «እምዬ፣ ስሙ ተፈቷል። መጀመሪያ የጠራኝ እሱ ነው፤ አሁን ተራው ያንቺ ነው።» ከላይ ደጋግሜ የጻፍኩትም ስለተፈታ ነው፤ ያለበለዚያ እጄ አይደፍርም ነበር።

ከፎቶው ላይ አንሶላውን አወረድኩ። አሮጊቷ አሁንም ሊቀልዱ ሲሉ ናቸው። ከዚያ እንግዳ ያልገባበትን ሰዓት ጠብቄ ደረጃው ሥር ቆምኩና ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጠራኋት፤ ሮዛሊ። ስሙ ደረጃውን ወጣ፤ አሥራ አንዱን ክፍል ዞረ፤ ማንንም ሳያገኝ ወደ እኔ ተመለሰ።

አሮጌውን አንሶላ ይዤ ወደ ልብስ ክፍል ወረድኩ። አንዱን ጫፍ የበሩ እጀታ ላይ አሰርኩ፤ ሌላውን ያዝኩ፤ ወጠርኩት። አንድ እጥፍ፣ ሁለት እጥፍ እያልኩ ወደ በሩ ሄድኩ።